ልጆቻችን ከማን ጋር ይጫወታሉ?

ቋንቋችን «ጨዋታ» በሚለው በአንዱ ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል። ልጆች በሜዳ ኳስ ሲያባርሩ ወይም በደጃፍ ብይ ሲወረውሩ «ይጫወታሉ» እንላለን። ሁለት አረጋውያን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ ዋጋና በሩቅ ስላሉ ዘመዶቻቸው ሲነጋገሩም እንዲሁ «ይጫወታሉ» እንላለን። እንግዳ ቤታችን ገብቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ደግሞ «ይጫወቱ እንጂ» ብለን እንጋብዘዋለን። ይህን ስንል ብቻዎን አይሁኑ፣ ከእኛ ጋር ይሁኑ ማለታችን ነው። አባቶቻችን ጨዋታንና ወግን በአንድ ስም ሲጠሩ፣ ጨዋታ ያለ ሌላ ሰው ሙሉ እንደማይሆን የሚያስታውስ ቃል ትተውልናል።

ይህን በልባችን ይዘን ወደ ዘመናችን ጥያቄ እንለፍ። ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደጋግመው እንዲህ ይጠይቁናል፤ «በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆቻችን በሞባይልና በቴሌቪዥን የሚጫወቱት የቪዲዮ ጨዋታ፣ እነርሱ ጌም የሚሉት፣ አእምሯቸውን ይጎዳልን? ኃጢአትስ ነውን?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚነሣውም ከፍቅርና ከስጋት ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ቃል «አዎን» ወይም «አይደለም» ብለን ብንመልስ ጠያቂውን እናሰናብተው ይሆናል እንጂ አንረዳውም። ስለዚህ ነገሩን ከአንባብያን ጋር ቀስ ብለን ልንመረምረው እንወዳለን። የምንጀምረውም ከራሳችን ስሕተት ነው።

አንዲት እናትና አንድ የችኮላ ምክር

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ቀረቡ። ልጃቸው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። «አባ፣ ልጄን ሞባይል ወሰደብኝ» አሉን። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ በብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኖ ይጫወታል፤ ጠዋት ለመነሣት ይቸገራል፤ በክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ መምህሩም ወላጅ አምጣ ብለው ሁለት ጊዜ ልከውታል። እኛም ብዙ ሳናስብ፣ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳንጠይቅ፣ «ሞባይሉን ይውሰዱበት፤ ከዓይኑ ሲርቅ ከልቡም ይርቃል» ብለን መከርናቸው። እርሳቸውም የካህን ቃል ነው ብለው ሞባይሉን ሸጡት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። ልጁ አሁን በጊዜ ይተኛል፤ ቢያንስ መብራቱን አጥፍቶ ጋደም ይላል። ነገር ግን ምግብ ቀንሷል፤ ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ ከመዘምራኑም ቀርቷል። በዚህ ጊዜ ልጁን ራሱን ጠርተን አነጋገርነው። በመጀመሪያ ልናደርገው የሚገባንን በመጨረሻ አደረግነው ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ከዚያም «አባ፣ ከወንድሜ ጋር የምንጫወተው በእሱ ነበር» አለን።

ታላቅ ወንድሙ ሥራ ፍለጋ ወደ ሳውዲ ዐረቢያ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ከሥራ የሚወጣው ወደ እኩለ ሌሊት ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ጨዋታ ውስጥ በአንድ ቡድን ይሰለፋሉ፤ አብረው ይሮጣሉ፤ አብረው ያደፍጣሉ፤ በመካከሉም በማዳመጫው ስለ እናታቸው ጤና፣ ስለ ናፍቆት፣ ታላቁ ለእናቱ ሊነግራቸው ስላልፈለገው የሥራ መከራ ያወራሉ። እኛ ከቤተሰቡ የሸሸ መስሎን የነበረው ልጅ፣ ከቤተሰቡ ተለይቶ ከሄደው ጋር የተገናኘበትን ብቸኛ ድልድይ አፍርሰንበት ኖሯል።

ይህን ስንሰማ አፈርን። ነገር ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ልጁ ቅን ስለ ነበረ ሌላውንም ግማሽ ነገረን። «ወንድሜ በማይገባበት ሌሊትም አላቆምም ነበር። አሁን ልተኛ እላለሁ፤ ግን አልተኛም። ደስ እንኳ አይለኝም ነበር» አለ። እንግዲህ በአንድ ሞባይል፣ በአንድ አልጋ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ጨዋታ፣ አንዱ ሌሊት ወንድማማችነት፣ ሌላው ሌሊት ደግሞ ግዞት ነበር። በበሩ ቀዳዳ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ሌሊቶች ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱን ሊያውቅ የሚችለው የሚጠይቅና የሚያዳምጥ ብቻ ነው።

ጨዋታ በራሱ ክፉ ነውን?

አንዳንዶቻችን ጨዋታን ሁሉ ከስንፍና ጋር እንቆጥራለን። «የሚሠራ ይጸድቃል፣ የሚጫወት ይጠፋል» የሚል አስተሳሰብ በብዙ ቤት አለ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ግን እንዲህ አላስተማሩም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ በታላቁ የነገረ መለኮት መጽሐፉ፣ በሁለተኛው ክፍል ሁለተኛ ምድብ፣ በ168ኛው ጥያቄ ስለ ጨዋታ በስፋት ጽፏል። ሥጋ ሲደክም ዕረፍት እንደሚያስፈልገው ሁሉ አእምሮም ይደክማል፤ የአእምሮም ዕረፍት ደስታ ነው ይላል። ስለሆነም በልክ መጫወትን የሚያውቅ ሰው በጎ ምግባር አለው። ይህንንም ምግባር ከፈላስፋው ከአርስጣጣሊስ ተቀብሎ በግሪክኛ ስሙ «ኤውትራፔልያ» ብሎ ጠርቶታል።

በዚያው ስፍራ ከጥንት አባቶች የተወረሰ አንድ ታሪክ ያነሣል። ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲጫወት ያዩ ሰዎች ተሰናከሉ። እርሱም ከመካከላቸው ቀስት የያዘውን ጠርቶ እንዲወረውር ጠየቀው፤ ደጋግሞም አስወረወረው። በመጨረሻም ሳታቋርጥ እንዲሁ ልትቀጥል ትችላለህን ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ደጋኑ ይሰበራል ብሎ መለሰ። ቅዱሱም የሰው አእምሮ ከቶ ካልላላ እንዲሁ ይሰበራል አለ ይባላል።

ቅዱስ ቶማስ ግን ጨዋታን ያለ ልጓም አልተወውም። ነውር ወይም ጉዳት ባለበት ነገር እንዳንጫወት፣ በጨዋታ ውስጥ የአእምሯችንን ሚዛን እንዳንጥል፣ ጨዋታችንም ለሰውየው፣ ለጊዜውና ለቦታው የተገባ እንዲሆን ይመክራል። ከመጠን ያለፈ ጨዋታ ጥፋት መሆኑን ካሳየ በኋላ፣ ከቶ የማይጫወትና የሌሎችንም ደስታ የሚያጨልም ሰው እንዲሁ እንደሚያጠፋ ያስተምራል። ይህን የመጨረሻውን ለወጣቶች ስንነግር አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምንሰማው።

መጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን ጨዋታን አያንቅም። ነቢዩ ዘካርያስ በምዕራፍ 8 ከፍርስራሽዋ ስለምትነሣው ኢየሩሳሌም ሲናገር፣ የሰላሟን ምልክት ያየው በአደባባይ በተቀመጡ ሽማግሌዎችና በጎዳናዋ በሚጫወቱ ልጆች ነው። በሀገራችንም በልደት በዓል በሚደረገው የዱላ ጨዋታ ጌታና አገልጋይ እኩል ስለሚሆኑ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሏል። ጨዋታ ከባዱን የኑሮ ቀንበር ለጥቂት ሰዓት ያወርዳል፤ ሰውን ከሰው ያስተካክላል። እንግዲህ ጥያቄው «ልጁ ይጫወታልን?» የሚለው አይደለም። መጫወቱስ ይገባዋል።

ጥናቶች ምን አገኙ?

አንዳንድ ሰባክያን የቪዲዮ ጨዋታ አእምሮን ያፈርሳል ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ምንም ጉዳት የለውም ይላሉ። እውነቱ ከሁለቱም የረቀቀ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 ባለው ጊዜ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ወራት፣ በጃፓን የጨዋታ መሣሪያ እጥረት ስለ ነበረ መደብሮች መሣሪያውን በዕጣ ይሸጡ ነበር። ተመራማሪዎች ይህን አጋጣሚ ተጠቅመው ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ሰዎች አነጻጸሩ። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 69 የሆነ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎች መጠይቅ ሞልተዋል። በ2024 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው መሣሪያውን ያገኙት በአእምሮ ደኅንነት ረገድ በመጠኑ ተሽለው ተገኝተዋል። ነገር ግን በቀን ከ3 ሰዓት በላይ በሆነ ጊዜ ተጨማሪው ጥቅም እየቀነሰ ሄዷል። ጊዜው ሰዎች በቤታቸው የተዘጉበት መሆኑንም መዘንጋት አይገባም።

የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በ2022 ባወጡት ጥናት ወደ 39,000 የሚደርሱ ተጫዋቾችን ትክክለኛ የጨዋታ ሰዓት ተከታትለው ነበር። የሰዓቱ መብዛት ወይም ማነስ ብቻውን በደኅንነታቸው ላይ ያመጣው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ልዩነት የታየው በሌላ ቦታ ነው፤ ወድደው የሚጫወቱት የተሻለ ስሜት ሲኖራቸው፣ መጫወት ግድ እንደ ሆነባቸው የሚሰማቸው ግን የከፋ ስሜት ነበራቸው። የተጠኑት አዋቂዎች በመሆናቸው ነገሩን እንዳለ ለ16 ዓመት ልጅ ማዋል አይቻልም። ይሁን እንጂ ያ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሁለቱ ሌሊቶቹ ከነገረን ጋር መስማማቱ አያስገርምምን?

በሌላ በኩል ጉዳቱ ፈጠራ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት አባል መንግሥታት በ2019 ባጸደቁትና ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ በጨዋታ የመያዝ ሕመም ተመዝግቧል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ሰውየው ጨዋታውን መቈጣጠር ያቅተዋል፤ ጨዋታውን ከሌሎች የሕይወት ጕዳዮች ሁሉ ያስቀድማል፤ ጉዳት እየደረሰበትም ይቀጥላል። ይህም ትምህርቱን፣ ቤተሰቡንና ኑሮውን በጽኑ የሚያናጋና አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል የቆየ መሆን አለበት። ስለዚህ ከፈተና በኋላ ሁለት ቀን የተጫወተውን ልጅ ሁሉ «ሱሰኛ» ማለት ስም ማጥፋት ነው። በእውነት የታመመውንም «ባለጌ» ብሎ ማለፍ ጭካኔ ነው።

ለምን ይስባቸዋል?

ልጆቻችን ወደዚህ ዓለም የሚገቡት ለምንድን ነው? አንዱን ምክንያት በትምህርት ቤታቸው ደጃፍ እናገኘዋለን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ ከ100 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የ2015ቱም ከዚህ አልተሻለም። በ2016 ዓ.ም. ከፍ ቢልም 5 ከመቶ ገደማ ነበር። የኩረጃን መንገድ መዝጋት ተገቢ ነው፤ እኛም እንደግፈዋለን። ነገር ግን በ11ኛ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ እነዚህን ቁጥሮች የሰማውን ልጅ ልብ እናስብ። በርትቶ ቢያጠናም ከ97ቱ አንዱ እንደሚሆን ይሰማዋል።

በጨዋታው ዓለም ግን ሕጉ ግልጽ ነው። የደከመ ያገኛል፤ የወደቀ ወዲያው ይነሣል፤ ሁለት ሰዓት የለፋ ደረጃው ከፍ ሲል በዓይኑ ያያል። «ጎበዝ» የሚለው ቃል በመስኮቱ ላይ በወርቅ ቀለም ይጻፍለታል። ይኸው ልጅ በቀኑ ውስጥ ከሰው አፍ የሚሰማው ምንድን ነው? በቤት «አጥና»፣ በክፍል «ሰነፍ»፣ ከእኛም ከካህናት «ተጠንቀቅ» ይባላል። «ትችላለህ» የሚለው ማን ነው? ማሽኑ ብቻ ከሆነ፣ ወደ ማሽኑ ቢሄድ የሚያስደንቅ ነገር የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ከልጁ ውጭ ነው። ብዙዎቹ የሞባይል ጨዋታዎች በነጻ ይታደላሉ። የሠሪዎቻቸው ገቢ የሚገኘው ተጫዋቹ ከገባ በኋላ በሚያያቸው ማስታወቂያዎችና በሚገዛቸው ጌጦችና መሣሪያዎች ነው። ስለዚህ ጨዋታው እንዲያልቅ ተደርጎ አልተሠራም። ገበጣ ጠጠሩ ሲያልቅ ያበቃል፤ የገና ጨዋታ ፀሐይ ስትጠልቅ ይበተናል። ይህ ግን ሌሊትም ቀንም ክፍት ነው። በየዕለቱ ለተመለሰ ሽልማት ይሰጣል፤ አንድ ቀን የቀረውን ያጠራቀመውን ያስቀርበታል። በአንዳንዶቹም ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ሣጥን በገንዘብ ይሸጣል፤ ልጁ ብርቅ ነገር ይወጣልኝ ይሆናል እያለ ደጋግሞ ይከፍታል። የቤልጅየም የቁማር ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2018 በአንዳንድ ታዋቂ ጨዋታዎች ውስጥ ያሉት እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ቁማር ናቸው ብሎ ወስኗል። እንግዲህ የ16 ዓመት ልጅ ማቆም አቃተው ብለን ስንወቅሰው፣ እንዳያቆም በደመወዝ የሚደክሙ ብዙ ባለሙያዎች እንዳሉም ማስታወስ ፍትሕ ነው።

በከተሞቻችን በየትምህርት ቤቱ አካባቢ ስላሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶችም አንድ ቃል እንበል። እዚያ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው በእግር ኳስ ጨዋታ ይፎካከራሉ፤ ይሣሣቃሉ፤ ከብቸኝነት አንጻር ከሞባይሉ ይሻላል። ነገር ግን በትምህርት ሰዓት የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎችን የሚያስገባ ባለ ቤት፣ የተሸነፈው ይከፍላል እያለም ወደ ውርርድ የሚያለማምዳቸው፣ የሰው ልጅ እየሸጠ መሆኑን ይወቅ።

ኃጢአት ነውን?

ወደ ተጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 6 ስለ ክርስቲያናዊ ነጻነት ሲያስተምር፣ የተፈቀደ ነገር ሁሉ እንደማይጠቅም፣ እርሱም ለማንኛውም ነገር ባሪያ እንደማይሆን ይናገራል። የእኛም ሚዛን ይህ ነው። ጨዋታው ልጁን የሚያገለግለው ከሆነ መልካም ነው። ልጁ ጨዋታውን የሚያገለግል ከሆነ፣ ዕንቅልፉን፣ ትምህርቱን፣ ጸሎቱንና ወዳጆቹን የሚገብርለት ከሆነ፣ አንድ ውድ ነገር ጠፍቷል። የጠፋውም ነጻነት ነው።

ይሁን እንጂ ፍርዳችን በጥንቃቄ ይሁን። በ1992 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 1735 እንደሚያስተምረው አለማወቅ፣ ፍርሃት፣ ልማድና ሌሎች የልብ ወይም የማኅበራዊ ኑሮ ሁኔታዎች የሰውን ተጠያቂነት ሊቀንሱ ይችላሉ። በብቸኝነት የሚሠቃይ ልጅ ሌሊት ወደ ጨዋታ መሸሹ ከጥጋብ ጨዋታ ጋር በአንድ ሚዛን አይለካም። ከጭንቀትና ከድብርት ጋር ያለውን ግንኙነትም ልብ እንበል፤ አንዳንድ ጊዜ ብዙ መጫወት የኀዘኑ ምክንያት ሳይሆን የኀዘኑ ምልክት ነው። ትኩሳቱን አውርደን በሽታውን ብንተወው ልጁ አልዳነም።

አንዳንድ መንግሥታት ነገሩን በሕግ ሊፈቱት ሞክረዋል። ደቡብ ኮሪያ በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ ከልክላ ነበር፤ ሕጉ በ2022 መጀመሪያ ተሽሯል። ቻይና በ2021 ባወጣችው ደንብ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ብቻ ፈቀደች። ሕግ ሕፃናትን ከነጋዴዎች መጠበቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕግ በሩን ሊዘጋ ይችላል እንጂ ባዶውን ክፍል ሊሞላው አይችልም። እኛም በዚያ ቤት ያደረግነው በሩን መዝጋት ብቻ ነበር።

ከዚህ ጋር አንድ ወጣት ቅዱስ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1991 ተወልዶ በ2006 በ15 ዓመቱ በደም ካንሰር ያረፈው ካርሎ አኩቲስ፣ ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛ መስከረም 7 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ቅድስናውን ያወጁለት፣ እንደ እኩዮቹ የቪዲዮ ጨዋታ ይወድ ነበር። ነገር ግን በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ እንዲጫወት ለራሱ ወሰነ። ለሁሉም ልጅ አንድ ሰዓት ይሁን ለማለት አይደለም። የምናደንቀው ቍጥሩን ሳይሆን ወሳኙን ነው። ልጓሙን የያዘው ራሱ ልጁ ነበር። ወላጅም መምህርም የሚደክሙት ልጓሙን ዕድሜ ልካቸውን ለመያዝ ሳይሆን፣ አንድ ቀን ለልጁ እጅ ለማስረከብ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ፣ ከመከልከላችሁ በፊት ጠይቁ። ከማን ጋር ትጫወታለህ? ስትጨርስ ምን ይሰማሃል? ልቁም ስትል ታቆማለህን? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እንደ መርማሪ ሳይሆን አጠገቡ ተቀምጣችሁ፣ ቢቻል ጨዋታውን እንዲያሳያችሁ ለምናችሁ ጠይቁ። ልጅ የሚያውቀውን ለአባቱ ሲያስተምር ልቡ ይከፈታል።

ከዚያ በኋላ ልክ አብጁ፤ ልክ ማበጀት ፍቅር ነውና። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንደሚገባው የሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ስለዚህ ማታ ሞባይል ሁሉ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። «ሁሉ» ስንል የአባትና የእናትም ማለታችን ነው። አባት በራት ገበታ ላይ ሞባይሉን እያየ ልጁን ሞባይልህን አስቀምጥ ቢለው፣ ልጁ የሚማረው ከቃሉ ሳይሆን ከእጁ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ጨዋታን ከማውገዝ ይልቅ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ክፈቱ። ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቶሪኖ ከተማ የተጣሉ ወጣቶችን የሰበሰበው በትምህርትና በጸሎት ብቻ ሳይሆን በጨዋታ ሜዳም ነበር። አንድ ኳስ፣ አንድ ጆተኒ፣ ሁለት ገበጣ የቁምስናን ገንዘብ አይጨርሱም። ከሁሉ በላይ ግን የሚያስፈልገው ከልጆቹ ጋር የሚቀመጥ አዋቂ ነው። ሜዳ ከፍቶ ቁልፉን ሰጥቶ መሄድ አይበቃም።

ልጁ ለብዙ ሳምንታት ካዘነ፣ ካልበላ፣ ካልተኛ፣ ከሁሉም ከራቀ፣ ይልቁንም መኖር ሰለቸኝ የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። «እምነት ጎድሎት ነው» ብለን የምናዘገየው ቀን ዋጋው ሊከብድ ይችላል።

ስለዚያ ልጅ መጨረሻውን እንንገራችሁ። እናትየዋን ይቅርታ ጠየቅን። ቆይተው በታላቁ ልጃቸው ርዳታ ሌላ ሞባይል ገዙለት። ወንድሙ ዓርብ ዕረፍት ስለሆነ፣ ዓርብ ማታ እስከ 4 ሰዓት የሁለቱ ጊዜ እንዲሆን፣ በሌላው ሌሊት ግን ሞባይሉ በእናቱ ቁም ሣጥን እንዲያድር ሦስቱ ተስማሙ። ስምምነቱ ሁልጊዜ አልተጠበቀም፤ ሁለት ጊዜ ፈርሶ ሁለት ጊዜ ታድሷል። ልጁ ወደ መዘምራኑ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። በ12ኛ ክፍል ፈተና ያሰበውን ውጤት አላገኘም፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሙያ ትምህርት ገባ። ሁሉ ነገር አልተቃናም ማለት ነው። ነገር ግን እናትየዋ ዓርብ ማታ ቡናቸውን አፍልተው ከልጃቸው አጠገብ መቀመጥ ጀመሩ። ጨዋታው ባይገባቸውም ማዳመጫውን ተቀብለው ከሩቁ ልጃቸው ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ። «እንዴት ሰነበታችሁ?» ብለን በጠየቅናቸው ጊዜ የመለሱልን መልስ ከብዙ መጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት ሆኖናል። «ደኅና ነን አባ፤ አሁን ሦስታችንም እንጫወታለን» አሉን።